«ቻይ» ነው ወይስ «ጠንካራ»?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። እዚህ ከመጣን ወዲህ የአሜሪካ ፉትቦል ሱስ ሆኖብናል። ሰሞኑን ደግሞ ዋሽንግተንና ሲያትል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ያደረጉትን የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አንስተን ተጨቃጨቅን። የገና ዋዜማ ስለነበር ያን ዕለት ሁላችንም አንድ ቤት ተሰብስበን ነበር ያየነው፤ ማናችንም አልረሳነውም። እኔ ስለ ዋሽንግተኑ ኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ስለ ሮበርት ግሪፊን «ቻይ ልጅ ነው፣ በዚያ በተጎዳ ጉልበቱ እስከ አራተኛው ክፍል ተጫወተ» ስል አንዱ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ቻይ የምትባለው ባሏ የሚያስቸግራት ሴት ናት፤ ስፖርተኛ ጠንካራ ነው የሚባለው» አለ። ሌላው አሰልጣኙን ሲወቅስ «አስጫወተው» አለና «አጫወተው ነው የሚባለው» ተብሎ ታረመ። ማናችን ነን ልክ? ኳርተርባክስ በአማርኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምርና ቶሎ ልገላገለው። ኳርተርባክ በአማርኛም ኳርተርባክ ነው። ፔናሊቲን «ፍጹም ቅጣት ምት»፣ ኮርነርን «የማዕዘን ምት» ብለናል፤ ራዲዮውም እንደዚያው ይላል፤ ሰፈር ሜዳ ላይ ግን ዛሬም ጩኸቱ «ፔናሊቲ!» ነው። ብዙ ሲሆኑ «ኳርተርባኮች» ይበሉ፣ የሚከስዎ የለም።

ወደ ዋናው ልምጣ። ጓደኛዎ የሳቁት በከንቱ አይደለም። «ቻይ» የሚለው ቃል ከሜዳ ይልቅ ወደ ቤት ያደላል። ሲሰደብ መልስ ያልሰጠ፣ ክፉ ጎረቤት ይዞ የኖረ፣ ብሶቱን ለራሱ ያስቀረ ሰው ነው ቻይ የሚባለው። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» የምንለውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። «ለሴት ብቻ» የሚለው ግን የጓደኛዎ ጭማሪ ነው። ቋንቋው ወንዱንም ሴቷንም ቻይ ይላል፤ ሸክሙ በማን ላይ ሲበዛ እንዳዩ ግን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።

እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ስለ «ቻይ» ስትከራከሩ፣ ክርክራችሁ ራሱ «ቻለ» በሚለው ግስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«ቻለ» ሁለት ሥራ አለው። «መሮጥ ቻለ» ሲሉ የሚናገሩት ስለ አቅም ነው፤ «ሕመሙን ቻለ» ሲሉ ስለ መሸከም። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ከፊቱ የሚመጣው ቃል ነው፦ በ«መ» የሚጀምር ንዑስ አንቀጽ ከቀደመው አቅም፣ «ን» የያዘ ስም ከቀደመው ሸክም። «የቤት ኪራዩን እኔ እችላለሁ» የሚል ሰው ስለ ጡንቻው እያወራ አይደለም፤ ወጪውን ልሸከም ማለቱ ነው። ስሙም ለሁለት ተከፍሏል፤ ከአቅሙ ወገን «ችሎታ» ወጣ፣ ከሸክሙ ወገን «ቻይነት»። ሦስተኛ ሥራም አለው፤ ኳስ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ተጫዋች የሚያቆመው ሲጠፋ «ዛሬ አልተቻለም!» እንላለን።

አሁን ግሪፊንን በእነዚህ በሦስቱ ይለኩት። በ2012 አልተቻለም ነበር። ገና ከኮሌጅ እንደወጣ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት በዓመቱ ምርጫ ሁለተኛ ሆኖ የተወሰደ ልጅ፣ ቡድኑን 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አንደኛ አደረገው፤ እሱም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። ዲሴምበር 9 ቀን የባልቲሞሩ ግዙፉ ተከላካይ ሃሎቲ ናታ ሲመታው ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። በሚቀጥለው ሳምንት ክሊቭላንድ ላይ ከርክ ከዝንስ ተክቶት 38 ለ 21 አሸነፉ። ከዚያ ግሪፊን ተመለሰ። በዚያች በገና ዋዜማ 7 ለ 0 እየመሩ ሳለ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ጉልበቱ እንደገና ታጠፈበት። ከዚያ በኋላ ሲያነክስ ሁላችሁም አይታችኋል። ሕመሙን ቻለ። መጫወት ግን አልቻለም፤ ዋሽንግተን ወዲያው 14 ለ 0 ቢመራም ከዚያ በኋላ አንዲት ነጥብ አላገኘም፣ ሲያትል ተከታትሎ 24 አስቆጠረ። በአራተኛው ክፍል ተበላሽቶ የተሰጠውን ኳስ ሊያነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው። ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ጄምስ አንድሩስ ሁለት የጉልበት ጅማቶቹን ቀዶ ጠገነለት።

አንዱ ጓደኛዎ «ችሏል»፣ ሌላው «አልቻለም» እያለ ሲጮህ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ ያያሉ። አንዱ «ን» ያለበትን፣ አንዱ «መ» ያለበትን እየተናገረ ነው። አሰልጣኝ በአማርኛ «ትችላለህ?» ብሎ ቢጠይቅና ተጫዋቹ «እችላለሁ» ብሎ ቢመልስ፣ ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ የሚያውቅ የለም። ጠያቂው ስለ ሩጫው፣ መላሹ ስለ ሕመሙ ሊሆን ይችላል።

በዚያን ዕለት በእንግሊዝኛ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ከጨዋታው በኋላ እንደተናገረው፣ ግሪፊን በማመምና በመጎዳት መካከል ልዩነት አለ፣ እኔ ያመኛል እንጂ አልተጎዳሁም ብሎታል። (ጋዜጠኛ ቢሆን «ሻናሃን እንደተናገሩት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ደጋፊ ግን አሰልጣኝን አንቱ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ የተሸነፈ ዕለት ደግሞ ጭራሽ።) ይህን ልዩነት አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ አጥርቶ ያስቀምጠዋል፤ በሰዋስው ነው የሚያስቀምጠው።

«ጉልበቴን አመመኝ» ይበሉና ቆም ብለው ያዳምጡት። ባለቤቱ ማነው? እኔ አይደለሁም፤ እኔ «ኝ» ሆኜ መጨረሻ ላይ ነው ያለሁት። ጉልበቴም አይደለም፤ «ን» ይዟል። ያመመኝ ስሙ ያልተጠራ አንድ «እሱ» ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው፤ ሳንጠራው መጥቶ የሚሰፍርብንና ሲያሻው የሚሄድ እንግዳ ናቸው። እንግዳን ደግሞ መቻል ይቻላል። «ጉልበቴ ተጎዳ» ሲሉ ግን ጉልበቱ ራሱ ባለቤት ሆነ፤ የሆነው በእሱ ላይ ነው፣ ሰውዬው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ሕመምን የሚያውቀው የታመመው ነው፤ ጉዳትን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ «ያመኛል» ሲል መስክሯል እንላለን፤ «አልተጎዳሁም» ሲል ግን የማያውቀውን ነው የተናገረው። አማርኛ ቢናገር ኖሮ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ «ምንም አልሆንኩም» ይል ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲወድቅ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚመልሳት መልስ ናት፣ አጥንቱ ተሰብሮም ቢሆን።

«ጠንካራ»ስ? ስህተት አይደለም፤ ግን ሰፊ ነው። ጠንካራ ግድግዳ፣ ጠንካራ ተማሪ፣ ጠንካራ ጥያቄ፣ ጠንካራ ቡድን እንላለን። ሰውዬው መትቶ ይሁን ተመትቶ ጠንካራ የሆነው አይነግረንም። ወንድሙን «ጽኑ»ን ብንጠራውም ችግር አለ፤ እሱ ለበሽታውም ያገለግላል፣ ጽኑ ሕመምና ጽኑ እስራት የሚባሉ አሉና። «ጀግና» የሚለውን ለዚህ አልመርጠውም፤ ጀግና ፊት ለፊቱ ጠላት ይፈልጋል፣ የገዛ ጉልበትን መታገል ጀግንነት ለመባል ትንሽ ያንሳል። «ወኔ» ይቀርባል። እንደ እኔ እንደ እኔ «ሕመም ቻይ ነው» ቢሉ ኖሮ ጓደኛዎ ባልሳቁ። የሚቻለውን ነገር ሲጨምሩበት «ቻይ» ከጓዳ ይወጣል።

«ጠንካራ አይደለም» የሚለው ክስ በአደባባይ የወረደበት ኳርተርባክ ደግሞ ሌላ ነው። ጄይ ከትለር ጃንዋሪ 23 ቀን 2011 ቺካጎ ከግሪን ቤይ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳና በሦስተኛው ክፍል ወጣ። ቺካጎ 21 ለ 14 ተሸነፈ፤ ወደ ሱፐር ቦውል፣ ወደ መጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ፣ የሚያልፉበት ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ እቤታቸው ሆነው የሚያዩ ሌሎች ተጫዋቾች ሳይቀሩ በትዊተር ወረፉት። ጥፋቱ ምን ነበር? አላነከሰም፣ ፊቱን አላጨማደደም፣ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ በምርመራ ጅማቱ መጎዳቱ ታወቀ። እንግዲህ አንዱ ሕመሙ ታየና ተመሰገነ፣ ጉዳቱ ግን ሳይታይ ቀረ፤ ሌላው ጉዳቱ ነበረ፣ ሕመሙ ስላልታየ «ፈሪ» ተባለ። በአማርኛ ብቻ ብንሄድ፣ ሕመሙን ደብቆ ፊቱን ያላጨማደደው ከትለር ነበር ቻይ የሚባለው።

«አጫወተው» እና «አስጫወተው» ላይ ለሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። «ተጫወተ» ከሚለው በቀጥታ የሚወጣው አድራጊ «አጫወተ» ነው፤ «አስጫወተው» ብለው የታረሙት ጓደኛዎ በዚህ ተሸንፈዋል። ችግሩ «አጫወተው» ሌላ ሥራ ይዟል። «ልጁን አጫውተው»፣ «እስቲ አጫውተኝ» እንላለን፤ ዳኛም ጨዋታ ያጫውታል። «አሰልጣኙ አጫወተው» ሲባል ሻናሃን መስመሩ ዳር ቁጭ ብሎ ስለ አየሩ ሲያወጋው ነው የሚታየኝ። «አስጫወተው» የመጣው ይህን ለመሸሽ ይመስለኛል፤ ለጆሮዬ ይሻክራል እንጂ መልእክቱ ግልጽ ነው። የኳስ ሰው ግን ሁለቱንም አያስፈልገውም፤ ጨዋታው ሲጀመር ከሆነ «አሰለፈው»፣ ከተጎዳ በኋላ ከሆነ «ሜዳ ላይ አቆየው» ብሎ ይገላገላል።

እናንተን ያጨቃጨቃችሁ ግን ቅርጹ ብቻ አይመስለኝም። የአማርኛ አድራጊ ግስ «አስገድዶ» እና «ፈቅዶ» የሚለውን አይለይም። «ዘበኛው አስገባኝ» ሲሉ በሩን ከፍቶልኛል ማለት ነው፤ «ፖሊሱ መኪና ውስጥ አስገባኝ» ሲሉ ግን ማንም የፈቀደልዎ አይመስለውም። ግሱ አንድ ነው። «አቆየው»ም እንዲሁ፤ ሻናሃን ልጁን ጎትቶ አቆየው ወይስ ልጁ ልቆይ ሲል ዝም አለው? ከግሱ ብቻ አይታወቅም። አሰልጣኙን የሚወቅሱ ጓደኛዎ ለመውቀስ የፈለጉትን ያህል «አስ» ቢጨምሩ ይህን አያገኙትም።

የሚያገኙት በሁለት ትንንሽ ቅጥያዎች ነው፦ በ«ለት» እና በ«በት»። ዳኛ ይፈርድለታል ወይም ይፈርድበታል፤ ግሱ ያው ነው፣ የሰውዬው ዕጣ ግን የሚለየው በዚያች በአንዲት ፊደል ነው። «ሻናሃን ወሰነለት» ካሉ የልጁን ፍላጎት አክብሯል ብለዋል። «ወሰነበት» ካሉ በ22 ዓመት ልጅ ጉልበት ቁማር ተጫውቷል ብለዋል። እኔ በበኩሌ «ወሰነበት» ከሚሉት ነኝ፤ «አልተጎዳሁም» የሚለውን ቃል ከተጎዳው ሰው አይቀበሉም። በዚያ ማታ ከመካከላችሁ «ወሰነ» ብሎ ብቻ ያለፈ ሰው ከነበረ ግን፣ ወይ የዋሽንግተን ባላንጣ የዳላስ ደጋፊ ነው፣ ወይ ጾሙ አልፈታ ብሎት በጣም ርቦት ነበር።