ፉሪ ላሽ ብሏል? የሰሞኑ የቦክስ ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ከከተማው ዳር ዳር ናቸው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ። መሀል ከተማ ያላችሁት አርሰናል እንቅልፍ ነስቷችሁ ይሆናል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ካሰላሁት ግራ እናጋባለን።

«ጋሼ፣ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጭቅጭቁ አላልቅ ብሏል። አንዱ ጓደኛችን ‘ታይሰን ፉሪ ዋይልደር ከጣለው ወዲህ አደገኛ ሰው ይሸሻል’ ባይ ነው። እኔ አይሸሽም እላለሁ። የማኪያቶ ውርርድ አለበት፤ እርስዎ ይዳኙን።» (ከቱሉ ዲምቱ)

መጀመሪያ ለጓደኛህ ልከራከርለት፤ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የተናገረው። በታኅሣሥ 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ አሜሪካዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ዋይልደር እንግሊዛዊውን ፉሪን ሁለት ጊዜ ጣለው፤ በ9ኛውና በ12ኛው ዙር። የ12ኛውን ያየ ሰው ‘አበቃለት’ ብሎ ነበር። ሰውዬው ግን ተነሳ፣ ዙሩንም ጨረሰ፣ ውጤቱም አቻ ተባለ። ሕዝቡ ድጋሚውን ሲጠብቅ ፉሪ በሰኔ 2019 ቶም ሽዋርዝ ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ዙር ተገላገለው። በመስከረም ደግሞ ኦቶ ቫሊን የሚባል ስዊድናዊ መጣ። ሁለቱም እስከዚያ ድረስ ያልተሸነፉ ነበሩ፤ ነገር ግን ስማቸው ሲጠራ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። ጓደኛህ «ላሽ አለ» ቢል አልፈርድበትም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በየካቲት 2019 ፉሪ ቶፕ ራንክ ከሚባለው የፍልሚያ አዘጋጅና ከቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን ጋር ፈርሟል። ዋይልደር ደግሞ የሚታየው በሌላ ጣቢያ፣ በሾውታይም ነበር። ሁለት ጣቢያዎች አንድ ፍልሚያ ለመካፈል እስኪስማሙ ቦክሰኛው ወደደም ጠላም ሌላ ሰው ይገጥማል። ዋይልደርም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ በዚያው ዓመት ብሪዚልንና ኦርቲዝን ዘርሯል። ቀላል የተባለው ቫሊን ደግሞ በሦስተኛው ዙር የፉሪን ቅንድብ ተረተረው። ፍልሚያው ሲያልቅ 47 ቦታ ተሰፋ። ሐኪሙ በቃ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።

ከዚያስ? በየካቲት 2020 ፉሪ ራሱ ወደ ዋይልደር ተመለሰና በ7ኛው ዙር አስቆመው። በጥቅምት 2021 ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ፉሪ በ4ኛው ዙር ሁለቴ ወደቀ፣ በ11ኛው ግን ዋይልደርን ዘረረው። በጥቅምት 2023 ደግሞ ፍራንሲስ ንጋኑ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የቦክስ ግጥሚያ የሚያደርግ ሰው፣ በ3ኛው ዙር መሬት አስነካው። ጓደኛህ ትክክል ቢሆን ቀጣዩ ተጋጣሚ የሆነ የደከመ ሽማግሌ መሆን ነበረበት። ቀጣዩ ያልተሸነፈው ዩክሬናዊ ኡሲክ ነው። በግንቦት 2024 ተሸነፈ፣ በ9ኛው ዙርም ተቆጠረበት። ከሱ ቀጥሎስ? አሁንም ኡሲክ፣ በታኅሣሥ 2024።

እኔ አንድ ቦክሰኛ ከወደቀ በኋላ የሚገጥመውን የመጀመሪያ ሰው ብዙም አላይም። ያንን ሰው አሠልጣኙ፣ ሐኪሙና ኮንትራቱ ናቸው የሚመርጡለት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው የማየው። ወደ ጣለው ሰው ወይም እንደዚያ ወደሚመታ ሰው ከተመለሰ አልሸሸም።

ግን ማኪያቶውን ብቻህን አትጠጣው። በታኅሣሥ 2022 ፉሪ ከቺሶራ ጋር ገጠመ፤ በ2011 እና በ2014 ካሸነፈው ሰው ጋር። እኔ በዚህ አልከላከልለትም። የሚገርመው ከዚያ በፊት ዲሊያን ዋይትን በ6ኛው ዙር ዘርሮ ነው የመጣው። ያንን ለስላሳ ምርጫ የመረጠው ወድቆ ሳይሆን ዘርሮ ነው።

«ታዲያ በእርግጥ ሸሽቷል የሚሉት ማንን ነው? አንድ ስም ይጥሩ።» (ከለገጣፎ)

ሪዲክ ቦው። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ሌኖክስ ሉዊስ በሁለተኛው ዙር አስቆመው። ቦው በኅዳር 1992 ሆሊፊልድን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የዓለም ቀበቶ ከሚሰጡት ማኅበራት አንዱ የሆነው ደብሊውቢሲ ‘ተራው የሉዊስ ነው’ አለው። ቦው በታኅሣሥ ለንደን ሄዶ ጋዜጠኞች ፊት ቀበቶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። በፕሮፌሽናል ቦክስ እስከ መጨረሻው አልተገናኙም። በገንዘቡ አልተስማማንም ብለው ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ግን ሴኡልን አልረሳውም።

«ጆሹዋ በሩይዝ ከተዘረረ በኋላ በድጋሚው ሲሮጥ ነበር። ይሄ ፍርሃት አይደለም?» (ከኮዬ ፈጬ)

በሰኔ 2019 ኒውዮርክ ላይ አራት ጊዜ ወድቆ በ7ኛው ዙር ተሸነፈ። ስድስት ወር ሳይሞላ... እሺ፣ ስድስት ወር ከምናምን ቀን በኋላ፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ ዲርዒያ ላይ ያንኑ ሰው ገጠመ። በእግሩ እየተንቀሳቀሰ፣ በረጅም ግራ እጁ እየነካካ 12 ዙር በነጥብ አሸነፈ። ፍልሚያው አሰልቺ ነበር፣ እስማማለሁ። ነገር ግን የሚያስፈራህን ሰው ሪንግ ውስጥ አግኝተኸው በብልሃት ካሸነፍክ፣ የሸሸኸው ቡጢውን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሩይዝ ደግሞ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያገኘው በምትክነት ነው። ጆሹዋን ሊገጥም የነበረው ሚለር በመድኃኒት ምርመራ ወድቆ ቦታው ክፍት ሲሆን ጠሩት። እናንተ ‘ቀሽም’ የምትሏቸው ተጋጣሚዎች ላይ ትንሽ ጥንቃቄ ብታደርጉ ደግ ነው።

«እኛ ሱሉልታ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው፤ ሯጮች እዚህ ነው የሚለማመዱት። ከፍታ ቦክሰኛን ይጥላል ይባላል። እውነት ነው?» (ከሱሉልታ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሌኖክስ ሉዊስ ጋ ይመልሰናል። በሚያዝያ 2001 ጆሃንስበርግ አጠገብ ከሐሲም ራህማን ጋር ገጠመ። አካባቢው ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከእናንተ ጋር ሲተያይ ቆላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሰውነት እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል። ራህማን ቀድሞ ገብቶ ለመደው። ሉዊስ ላስ ቬጋስ ፊልም ሲሠራ ቆይቶ ዘግይቶ ደረሰ። ክብደትም ጨምሯል። በ5ኛው ዙር ከገመዱ ጋር ተጣብቆ እያለ የራህማን ቀኝ እጅ አገኘው፣ በቃ።

ከፍታው አደከመው እንጂ አልጣለውም። የጣለው ቀኝ እጅ ነው።

የበለጠ የምወደው የቀጠለውን ነው። በኮንትራቱ የድጋሚ ግጥሚያ መብት ነበረው። ራህማን ግን ከፍልሚያ አዘጋጁ ዶን ኪንግ ጋር ፈርሞ ሌላ መንገድ ጀመረ። ሉዊስ ፍርድ ቤት ሄደ። አስቡት፤ የተዘረረው ሰው የዘረረውን ሰው ‘ግጠመኝ’ ብሎ ይከሳል! ፈረዱለት። በኅዳር ላስ ቬጋስ ላይ በ4ኛው ዙር ዘረረው።

«ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ቦክስ ይለማመዳል። ከሳምንት በፊት በልምምድ ላይ ተመትቶ ወደቀ፣ ለትንሽ ጊዜም የት እንዳለ አላወቀም። አሁን ከዚያ ልጅ ጋር አልገጥምም ይላል። አሠልጣኙ ፈሪ ነህ አለው። ምን ልበለው?» (ከቡራዩ)

እህቴ፣ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። እስካሁን የጻፍኩት ስለ ሚሊየነሮች ነው። ስለ ወንድምሽ ሲሆን ፈሪና ጀግና የሚባል ወሬ የለም።

የት እንዳለ ካላወቀ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ማለት ነው። ሐኪም ይየው። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ወይም እንቅልፍ መብዛት ካለ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። በአማተር ቦክስ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን ከልምምድ ግጥሚያም ጭምር ይታገዳል፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ እገዳው ይረዝማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ያልዳነ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው በጣም የከፋ ነው። ገመድ መዝለሉም ቢሆን ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ቀስ በቀስ ነው።

አሠልጣኙን ለብቻው አናግሪው፤ ልጆቹ ፊት አይሁን። ይህን ደንብ ንገሪው። ከዚያ በኋላም ‘ፈሪ’ ካለ ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ።

«ፍልሚያዎቹን ስንት ሰዓት ነው የምንጠብቃቸው? ሁልጊዜ ያመልጡናል።» (ከገላን)

ሪያድ ከሆነ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዋናው ፍልሚያ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ላስ ቬጋስ ከሆነ እሑድ ጧት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ቅዳሴ የምትሄዱ ውጤቱን ስትመለሱ ስሙት። ቤቱ በዚያ ሰዓት የማይከፍት ከሆነ ባለቤቱን ቅዳሜ ማታ አናግሩት፣ ቁርስ እናዝዛለን ካላችሁት ይከፍታል።