ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰርኪት ቦርድ የትኛው ፑንታ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ሰርኪት ቦርድ በቤታችሁ የምትሠሩ ሰዎች ስለ ፑንታ (ድሪል ላይ ስለሚገባው መብሻ) ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ የተሰበሰቡትን አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጥቂት ቀዳዳ እንደበሳሁ ፑንታዬ ይደነዝዛል። የገዛሁት መናኛ ይሆን?

መልስ፦ በፑንታው አትፍረድ። ለብረት የምንጠቀምበት ኤችኤስኤስ (ተራው የብረት ፑንታ) ከሆነ የጨረሰው ቦርዱ ነው። ኤፍአር4 የሚባለው ቦርድ በኢፖክሲ ሙጫ የተጣበቀ የመስታወት ክር ነው፤ መስታወት ደግሞ ስለቱን ቶሎ ይበላዋል። ከቀዳዳው ዙሪያ መዳቡ ተገፍቶ ከተነሳ ፑንታው ደንዝዟል። ለዚህ ቦርድ የተንግስተን ካርባይድ ፑንታ ያዝ። ከወረቀት ለሚሠራው ቡናማ ቦርድ ግን ኤችኤስኤስ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ካርባይድ ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰበርኩ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ድሪሉን በእጅሽ ይዘሽ እየበሳሽ መሆን አለበት። ካርባይድ ጠንካራ ነው፣ ግን ወደ ጎን መገፋት አይችልም። ኤችኤስኤስ ትንሽ ዘመም ይልና ይመለሳል፤ ካርባይድ ቀጭ ይላል። እኔም ስጀምር ስንቱን ሰብሬያለሁ። ድሪሉን ማቆሚያ ላይ ካሰርኩ በኋላ ነው የተገላገልኩት። ማቆሚያው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ምንም አይጠቅምም። ድሪሉን ባዶውን አስነሺና የፑንታውን ጫፍ ተመልከቺ፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከዞረ ቻኩ (ፑንታውን የሚይዘው የድሪሉ አፍ) ወይም አያያዙ ልክ አይደለም። ፑንታው ቀዳዳው ውስጥ እያለ ቦርዱን አታንቀሳቅሺ። ከሥሩ ዝርግ እንጨት አድርጊ፣ የታችኛው ጠርዝ አይሸረፍም። ማቆሚያ ከሌለሽ ቶሎ ቢደነዝዝም ኤችኤስኤስ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ ስንት ሚሊ ልግዛ?

መልስ፦ የዕቃውን እግር በካሊፐር ለካና ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ጨምርበት። ለትናንሽ ሬዚስተሮችና ለአይሲ (ብዙ እግር ላለው ቺፕ) 0.8 ይሆናል። ብዙዎችን የሚያሳስተው የፒን ሄደር (ሽቦ የሚሰካባቸው የተደረደሩ እግሮች) ነው። ጎኑ 0.64 ሚሊ ስለሆነ 0.8 የሚበቃው ይመስላል። እግሩ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 0.9 ይደርሳል። ስለዚህ 1.0 ያስፈልገዋል። ለ3 ሚሊ ብሎን 3.2 በቂ ነው። ገንዘብ ካጠረህ መጀመሪያ 0.8 እና 1.0 ግዛ፣ መጠባበቂያም ጨምር።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱስ?

መልስ፦ ለቀጭን ፑንታ ድሪልህ የሚችለውን ያህል ፈጣን። ፋብሪካዎች በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ያሽከረክራሉ።

ጥያቄ፦ ፑንታው መዳቡ ላይ እየተንሸራተተ ቦታውን ይስታል።

መልስ፦ ዲዛይኑን ስትሠሪ በእያንዳንዱ ፓድ (የዕቃው እግር በሚበየድበት መዳብ) መሃል 0.4 ሚሊ የምታህል ባዶ ነጥብ ተዪ። መዳቡ በአሲድ ሲበላ ትንሽ ጎድጓዳ ይቀራል፤ ፑንታው ራሱ ገብቶ ይቀመጥበታል።

ጥያቄ፦ ማስክ የግድ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የግድ ነው። የሚበነው የመስታወት ብናኝ ነው። ብናኝ የሚያስቀር ማስክ አድርግ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፣ በአፍህ እፍ አትበል። መነጽርም አትርሳ፤ ካርባይድ ሲሰበር ስባሪው ይፈናጠራል።