ከርነሉ ሲሞት ትሬሱ አብሮት እንዳይቀበር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር አለው፣ በየሦስት በየአራት ቀኑ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ክራሽ ያደርጋል፣ ማለትም ድንገት ይወድቃል። የሚጠረጥረው ራሱ የነካካውን የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) ነው። ስለዚህ ኤፍትሬስን (ከርነሉ ውስጥ የሚሆነውን እየቀዳ ትሬስ የሚባል መዝገብ የሚይዘውን መሣሪያ) አብርቶ፣ ከትሬስ ፓይፕ (መዝገቡ ከሚነበብበት ፋይል) የሚወጣውን ሁሉ አንድ ስክሪፕት ዲስክ ላይ ወዳለ ፋይል እየገለበጠ እንዲቆይ አደረገ። ማሽኑ ተነስቶ ፋይሉን ሲከፍተው ታሪኩ ከክራሹ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ቀደም ብሎ ተቆርጧል። «የምፈልገው የመጨረሻዋን ሰከንድ ነው፣ እሷ ብቻ የለችም» ይላል።

በመጀመሪያ ያንን ስክሪፕት አጥፋው። የዋህ ይመስላል እንጂ ሁለት ጉዳት ነው የሚያደርስብህ።

አንደኛ፣ ስክሪፕቱ «ጻፍኩ» ያለው ነገር ወዲያው ዲስክ ላይ አይደርስም። ሜሞሪ ውስጥ ይቆይና ከርነሉ ሲመቸው ያወርደዋል። አብዛኛው ሲስተም ላይ ያልተጻፈ ዳታ እንዳረጀ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ያንተ ፋይል የሚቆረጥባት ሠላሳ ሰከንድ ከየት እንደመጣች አየህ? ሁለተኛው ይብሳል። ትሬስ ፓይፕ ያነበበውን ይበላል፤ አንዴ ካለፈልህ ባፈሩ (ትሬሱ የሚጠራቀምበት የሜሞሪ ቦታ) ውስጥ አይቀርም። ሜሞሪው ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሊተርፍ የሚችለውን ነገር አንተ ራስህ እያወጣህ፣ ሊጠፋ ወደሚችል ፋይል እያዛወርከው ነበር ማለት ነው።

ኤፍትሬስ ያለምንም ስክሪፕት እንደ አውሮፕላን ጥቁር ሳጥን መሥራት ያውቅበታል። ለእያንዳንዱ ሲፒዩ ክብ ባፈር አለው፣ ሲሞላ የቆየውን እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእጅህ ያለው የመጨረሻው ጊዜ ነው፣ አንተም የምትፈልገው እሱን ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ባፈሩ ያለው ሊሞት ባለው ከርነል ሜሞሪ ውስጥ ነው። እንዴት ነው የሚወጣው? እሱን ከክራሹ በፊት መወሰን አለብህ፣ ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መንገድ «ኤፍትሬስ ዳምፕ ኦን ኡፕስ» የሚባለው ቅንብር ነው። (እንደዚህ በቃል የምጽፋቸውን ስሞች ኪቦርድ ላይ ስትጽፋቸው ቃላቱን ባንደርስኮር አያይዛቸው።) ይህን 1 ካደረግከው ከርነሉ ኡፕስ ሲያደርግ (ከባድ ስህተት ሲገጥመው) ወይም ፓኒክ ውስጥ ሲገባ (ጨርሶ ሲቆም) የሁሉንም ሲፒዩ ባፈር ኮንሶል (የከርነሉ መልእክት የሚወጣበት መስመር) ላይ ይዘረግፈዋል። 2 ካደረግከው ግን ክራሹ የደረሰበትን ሲፒዩ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ እኔ 16 ሲፒዩ ባለው ማሽን ላይ 1 አድርጌ ሄድኩ። የባፈሩን መጠን አልነካሁም። ሲበራ በነባሪ ለእያንዳንዱ ሲፒዩ ወደ 1.4 ሜጋባይት ነው፣ ጠቅላላው ከ22 ሜጋባይት ይበልጣል። ኮንሶሉ ሲሪያል (በገመድ ቢት በቢት የሚልክ) ነበር፣ በሰከንድ 115200 ቢት። ይህ ፍጥነት በሰከንድ 11.5 ኪሎባይት አካባቢ ነው የሚያሳልፈው። አስላው፣ ጥሬው ዳታ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው፣ ደግሞ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር እጥፍ ድርብ ያብጣል። ሌሊት ተረኛ የነበረው ልጅ ማሽኑ ለአርባ ደቂቃ «ተሰቅሎ» ሲያየው ትዕግስቱ አለቀና ኃይሉን አጥፍቶ አበራው። ምንም አልፈርድበትም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ከሄድክ ባፈሩን ቀንሰው። ለአንድ ሲፒዩ 64 ኪሎባይት እንኳ ለብዙ ጉዳይ ይበቃል፣ በጥንቃቄ የመረጥካቸውን ኢቬንቶች (ከርነሉ ውስጥ የሚከሰቱ ነገሮች) ብቻ ከቀዳህ። ሁሉንም ፋንክሽን (እያንዳንዱን የከርነል ኮድ ክፍል) የሚከታተለውን ትሬሰር ዝም ብለህ ካበራኸው ግን ባፈሩ በአይን ጥቅሻ ይሞላና የሚተርፍልህ የክራሹ ዋዜማ ሳይሆን የሞት ጣሩ ብቻ ይሆናል። ፊልተሩ ላይ የድራይቨርህን ሞጁል ፋንክሽኖች ብቻ አስገባ፣ ከዚያ የኢንተረፕት (መሣሪያ ሲፒዩውን አቋርጦ የሚጠራበት) ኢቬንቶችንና ስኬጁለሩ ሥራ የሚቀያይርበትን ኢቬንት ጨምር። ይበቃል።

ታዲያ ለምን 2 አድርገህ አትገላገልም? አሁን ያንተን ዓይነት ችግር ቀረብ ብለን እንየው። ድራይቨር ውስጥ በብዛት የሚገጥመው፣ አንዱ የለቀቀውን ሜሞሪ ሌላው ሲጠቀምበት ነው። ትሬሱ ላይ እንዲህ ይታያል እንበል፦ ሲፒዩ 2 በ8841.220317 አንድ አድራሻ ላይ ኬፍሪን ጠርቶ ሜሞሪውን ለቀቀ። ሲፒዩ 5 በ8841.220331 ያንኑ አድራሻ ሊያነብ ሄደና ወደቀ። መሀላቸው 14 ማይክሮሰከንድ ናት። ክራሽ ያደረገው 5 ነው፣ ጥፋተኛው ግን 2 ነው። የ5ን ባፈር ብቻ ካወጣህ ሟቹን አግኝተህ ገዳዩን ትስታለህ።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። የኤፍትሬስ ነባሪ ሰዓት «ሎካል» ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን በተለያዩ ሲፒዩዎች መካከል ልክ ላይሆን ይችላል። 14 ማይክሮሰከንድ ላይ እየተከራከርክ ሰዓቶቹ ካልተስማሙ ማን እንደቀደመ በምን ታውቃለህ? ትሬስ ክሎክ የሚባለውን ፋይል «ግሎባል» አድርገው። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ቅደም ተከተሉ የሚታመን ይሆናል። እኔ በዚህች አንዲት መስመር ሁለት ቀን አባክኛለሁ።

ሁሉም ሲፒዩ ካስፈለገና ኮንሶሉ ካልቻለው፣ ላንተ የምመክርህ ኬዳምፕ (የወደቀውን ከርነል ሜሞሪ የሚያስቀር ዘዴ) ነው። ሊኑክስ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ፣ ከ2.6.13 ወዲህ አለ። ሥራው ቀላል ነው፦ ገና ማሽኑ ሲነሳ ለሁለተኛ ከርነል የሚሆን ሜሞሪ ይያዝለታል፣ ለምሳሌ 256 ሜጋባይት። ዋናው ከርነል ፓኒክ ሲያደርግ ባዮስ ሳይነካ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይዘለላል፣ እሱ ደግሞ የሟቹን ሜሞሪ አንብቦ ዳምፕ በሚባል ፋይል ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ኤፍትሬስ ባፈርም የከርነል ሜሞሪ ስለሆነ አብሮ ይወጣል። ሜክዳምፕፋይል የሚባለው ፕሮግራም ባዶ ገጾችንና የፕሮግራሞችን ሜሞሪ እየጣለ ፋይሉን ሲያሳንሰው እንኳ ባፈርህን አይጥልብህም።

ሁለት ነገር እንዳትረሳ። ኡፕስ ማለት ፓኒክ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከርነሉ ጥፋት የሠራውን ፕሮሰስ ገድሎ እያነከሰ ይቀጥላል፣ በዚህ ጊዜ ኬዳምፕ አይነቃም፣ ባፈርህ ደግሞ በማይረባ ነገር ይጻፍበታል። «ፓኒክ ኦን ኡፕስ» የሚባለውን 1 አድርገው። ሌላው፣ ኬዳምፕ ካለህ ኮንሶል ላይ የሚዘረግፈውን «ኤፍትሬስ ዳምፕ ኦን ኡፕስ» አጥፋው። እሱም እንደ ትሬስ ፓይፕ ያነበበውን ይበላል፣ ለኬዳምፕ የሚተርፍለት ይጠፋል።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ የምትከፍተው «ክራሽ» በሚባለው መሣሪያ ነው። ለዚህ ከወደቀው ከርነል ጋር አንድ ለአንድ የሚመሳሰል፣ ዲበግ መረጃ ያለው ቪኤምሊኑክስ (ያልተጨመቀው የከርነሉ ፋይል) ያስፈልግሃል። ዛሬውኑ አውርደህ አስቀምጥ፤ ከወር በኋላ ያ ቨርዥን ከማከማቻው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለክራሽ የተሠራውን «ትሬስ» የሚባል ተቀጥላ ትጭናለህ፣ ባፈሩን ወደ ፋይል ያወጣልሃል፣ ፋይሉን በትሬስ-ሲኤምዲ ወይም በከርነልሻርክ ፕሮግራም ታነበዋለህ። ተቀጥላው በጣም አዲስ ከርነል ላይ አንዳንዴ ያኮርፋል፣ ስለዚህ አስቀድመህ ሞክረው።

ለሁለተኛ ከርነል የሚሆን ሜሞሪ የሌለው ትንሽ ቦርድ ከሆነ ደግሞ ፒስቶር ከራሙፕስ ጋር (የክራሽ መረጃን ሪቡት በማያጠፋው ሜሞሪ የሚያስቀምጡ የከርነል ክፍሎች) አለ። ትንሽ ሜሞሪ ይከለላል፣ ሪቡት ካደረገ በኋላ የተጻፈው እዚያው ይገኛል። ግን ኃይሉ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል። አንዳንዱ ፈርምዌር (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ደግሞ ሲነሳ ሜሞሪውን ያጸዳዋል። የፒስቶር ማውጫ ባዶ ሆኖ ካገኘኸው ወዲያው ተስፋ አትቁረጥ፣ ሲስተምዲ (የሲስተሙን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ፕሮግራም) አንስቶ ቫር ሊብ ሥር ወዳለው የራሱ ፒስቶር ማውጫ አዛውሮት ሊሆን ይችላል።

ኔትኮንሶልስ? ለክራሹ መልእክት ጥሩ ነው፣ የኮንሶሉን ጽሑፍ በኔትወርክ (በዩዲፒ) ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ላንተ ግን አይሆንም። የሚወድቀው የኔትወርክ ድራይቨርህ ነው፣ በሚሰምጥ ጀልባ ደብዳቤ አይላክም።

ማሽኑ ክራሽ ሳያደርግ ዝም ብሎ የሚደርቅ ከሆነ ፓኒክ ስለሌለ ከላይ ያልኩት ሁሉ አይሠራም። ያኔ ሶፍት ሎክአፕና ሃርድ ሎክአፕ (ሲፒዩ አንድ ቦታ ተጣብቆ መቅረቱ) ሲገኝ ፓኒክ እንዲያደርግ አድርገው፣ የቀረው ያው ነው።

አሁን ዋናው። አራት ቀን ጠብቀህ ባዶ እጅህን እንዳትቀር ራስህ ግደለው። ሥራ ላይ ባልሆነ ሰዓት፣ ተጠቃሚዎች ሳይኖሩ፣ ዲስኩን ሲንክ አድርገህ (ያልተጻፈውን ዳታ አስጽፈህ)። መጀመሪያ ኬክሴክ ክራሽ ሎድድ የሚለው ፋይል 1 ማለቱን እይ፤ 0 ካለ ሁለተኛው ከርነል አልተጫነም፣ አትቀጥል። ከዚያ ትሬስ ማርከር ወደሚባለው ፋይል (የጻፍክበት ትሬሱ ውስጥ ይገባል) አንድ ቃል ጻፍ፣ የፈለግከውን፣ እኔ ሁልጊዜ «ሙከራ» ብዬ ነው የምጽፈው። ወዲያው ሲስአርኪው ትሪገር የሚባለው ፋይል ላይ (ይህ ስም ባንደርስኮር ሳይሆን በሰረዝ ነው የሚያያዘው) «ሲ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ላክ። ማሽኑ ይወድቃል።

ሲነሳ ዳምፑን ክፈትና ያቺን ቃል ፈልጋት። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች መሀል ካገኘሃት ሁሉም ነገር ገጥሟል፣ ተወውና ድራይቨርህ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ጠብቅ። ዳምፑ ኖሮ ቃሏ ከሌለች ትሬሲንግ ኦን (የመቅጃው ማብሪያ) 0 ሆኖ ወይም የሆነ ነገር ባፈሩን እያነበበብህ ነው፤ ያ የድሮ ስክሪፕትህ ከሪቡት ጋር አብሮ እየተነሳ እንዳይሆን እሱን መጀመሪያ እይ። ዳምፑ ራሱ ከሌለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው ሜሞሪ አንሷል ወይም ሁለተኛው ከርነል ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር የለውም፤ ሲሪያል ገመድ ሰክተህ ሁለተኛው ከርነል ሲነሳ የሚለውን አንብብ፣ የት እንደቆመ ራሱ ይነግርሃል።