ዩኤስቢን ለቨርቹዋል ማሽን ማጋራት፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ሶኬት፦ ጠይቁ። የምመልሰው ቨርቹዋልቦክስ 7ን (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ይዤ ነው። ሆስታችሁን (ዋናውን ኮምፒውተር)፣ ጌስታችሁን (በውስጡ የሚሠራውን ቨርቹዋል ማሽን) እና የሚሰካውን ዕቃ ጻፉ፤ «አልሠራም» ጥያቄ አይደለም። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ወይ የሆስቱ ነው ወይ የጌስቱ። ጌስቱ ሲይዘው ከሆስቱ ይጠፋል፤ እንዲህ ነው የተሠራው።

ማሂ21፦ ሆስት ኡቡንቱ፣ ጌስት ዊንዶውስ 10፣ ፍላሽ። ኡቡንቱ ላይ ይታያል፤ የቨርቹዋልቦክስ የዩኤስቢ ሜኑ ግን ባዶ ነው።

ጋሽ ሶኬት፦ ተጠቃሚሽ «ቪቦክስዩዘርስ» (ዩኤስቢን ለጌስት መስጠት የተፈቀደላቸው) ግሩፕ ውስጥ የለም። ጨምሪውና ሎግአውት አድርገሽ ተመለሺ፤ ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት አይበቃም።

ባለሰባት፦ ጌስት ዊንዶውስ 7፣ ሆስት ዊንዶውስ 10። ዩኤስቢ 3.0 መርጬ ፍላሹን ጭራሽ አያየውም።

ጋሽ ሶኬት፦ ሰባት የ3.0 ድራይቨር ይዞ አልመጣም። ጌስቱን አጥፋና 2.0 ምረጥ።

ቶማ፦ ለ2.0 ኤክስቴንሽን ፓክ (የቨርቹዋልቦክስ ተጨማሪ ጥቅል) መጫን አለበት እኮ።

ሰሊ፦ ከ7.0 ወዲህ አያስፈልግም። ያነበብከው የ6 ጊዜ መመሪያ ነው።

ቶማ፦ ቢጫን ምን ይጎዳል? ነፃ ነው።

ሰሊ፦ ለግልና ለትምህርት ነው ነፃ። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከጫንከው ፈቃድ መግዛት ይመጣል።

ጋሽ ሶኬት፦ ለዌብካም ማስተላለፊያ ያስፈልጋል፣ ለፍላሽ አያስፈልግም። የሚጭን ሰው የቨርዥን ቁጥሩን ከቨርቹዋልቦክሱ ጋር እኩል ያድርግ። ስለ ፈቃድ ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ሮቦ፦ ሆስት ዊንዶውስ 11፣ ጌስት ሊኑክስ ሚንት፣ አርዱይኖ ሊዮናርዶ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)። ፊልተር (የትኛው ዕቃ በራሱ ወደ ጌስቱ እንደሚሄድ የሚወስን ደንብ) ሠርቻለሁ፤ ስሰካው ጌስቱ ይይዘዋል። ኮድ ልጭን ስል ግን ፖርቱ ይጠፋል። ሌላው አርዱይኖ፣ ኡኖ፣ በዚሁ ጌስት ላይ ይሠራል።

ጋሽ ሶኬት፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ኡኖ ላይ ከዩኤስቢው ጋር የሚነጋገረው ሌላ ቺፕ ስለሆነ መለያው (ቬንደር ማለትም የአምራቹ ቁጥር፣ ከዚያ ፕሮዳክት ማለትም የዕቃው ቁጥር) 2341:0043 እንደሆነ ይቆያል። ሊዮናርዶ ላይ ኮዱንም ዩኤስቢውንም የሚሠራው አንድ ቺፕ ነው። ጭነት ሲጀመር ፖርቱ በ1200 ባውድ ፍጥነት ተከፍቶ ይዘጋል፤ ቦርዱ ራሱን ነቅሎ በቡትሎደር (አዲስ ኮድ በሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ይነሳል። ያኔ 2341:8036 የነበረው 2341:0036 ይሆናል፣ የሚቆየውም 8 ሰከንድ ያህል ነው። ፊልተርህ የሚያውቀው 8036ን ብቻ ስለሆነ አዲሱን ሆስቱ ያስቀረዋል፤ ጌስቱ ደጅ ደጁን ያያል።

ፊልተሩን ከዝርዝር ስትመርጥ ቨርቹዋልቦክስ መስኮቹን ሁሉ ይሞላልሃል። ቬንደር 2341ን ብቻ እንዳለ አቆይና ፕሮዳክቱን፣ ሪቪዥኑን፣ ስሙን፣ አምራቹንና ሲሪያሉን አጥፋ። ቦርዱን ነቅለህ ሰካ። የመጀመሪያው ጭነት ሊከሽፍ ይችላል፤ ዊንዶውስ ለ0036 ድራይቨር ሲያስገባ 8ቱ ሰከንድ ያልቃል። ድገመው።

ስልክ ፋስትቡት (ሲስተም የሚጫንበት ሁነታ) ሲገባም፣ መጀመሪያ እንደ ሲዲ የሚታየው የሞደም ዶንግልም ያው ነው፤ መለያቸው ይቀየራል። ቬንደሩን ግን አታጥፉ! ሁሉም መስኩ ባዶ የሆነ ፊልተር ኪቦርዱንም ማውሱንም ጠራርጎ ይወስዳል።

ሰሊ፦ ኬቪኤም (የሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

ጋሽ ሶኬት፦ አለ። የኬቪኤም ማስተዳደሪያው ቪርት ማናጀር ላይ 8036ን ከጨመርሽ 0036 ሆስቱ ጋ ይቀራል።

ቶማ፦ ዩኤስቢው እንዲሠራ ጌስት አዲሽንስ (ጌስቱ ውስጥ የሚጫነው ተጨማሪ ሶፍትዌር) ግድ ነው?

ጋሽ ሶኬት፦ አይደለም። እሱ ለሼርድ ፎልደር (ሆስቱና ጌስቱ ለሚጋሩት ፎልደር) ነው። ፋይል ማዛወር ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፍላሹን ተዉና ሼርድ ፎልደር ተጠቀሙ።

ቢኒ፦ ፍላሹ አልሠራም፣ እርዱኝ።

ጋሽ ሶኬት፦ የመጀመሪያውን መልእክት አንብብ።

ማሂ21፦ ሎግአውት አድርጌ ታየ፣ አመሰግናለሁ። ጌስቱ ውስጥ የገለበጥኩት ፋይል ግን ኡቡንቱ ላይ ስከፍተው ተበላሽቷል።

ጋሽ ሶኬት፦ ጌስቱ ውስጥ ኢጀክት ሳታደርጊ የሜኑውን ምልክት አንስተሻል። ያ ከመንቀል እኩል ነው። መጀመሪያ ጌስቱ ውስጥ ኢጀክት፣ ከዚያ ምልክቱን ማንሳት።

ባለሰባት፦ ባዶ ፊልተር ሠርቼ ማውስና ኪቦርዱ ጠፉ። ይህን የምጽፈው በስልክ ነው። ፓወሩን ተጭኜ ላጥፋው?

ጋሽ ሶኬት፦ ምን ብዬ ነበር? አትንካው። ማውሱና ኪቦርዱ አሁን የጌስቱ ናቸው፣ እዚያ ውስጥ ይሠራሉ። ዊንዶውስ 7ን ከውስጥ ሸትዳውን አድርገው፤ ሲጠፋ ወደ ሆስቱ ይመለሳሉ። ደግመህ ሳታስነሳው ፊልተሩን ሰርዝ።