ቁሶችን ለምትመረምሩ ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

የመመረቂያ ጥናታችሁን በቁሶች ኤሌክትሪካዊ፣ መካኒካዊና ማግኔታዊ ባሕርያት ላይ ለመሥራት ላሰባችሁ፣ ዕድሜውን በቤተ ሙከራ የገፋ ሰው ከሚለው ሁሉ አንዱን ልምረጥ፤ ሦስቱ ባሕርያት በመማሪያ መጽሐፍ በየምዕራፋቸው ተለያይተው ቢቀመጡም፣ በናሙናችሁ ውስጥ ግን ተቆራኝተው ስለሚኖሩ አንዱን የነካ ሌላውን ሳይነካ አይቀርም።

የትራንስፎርመር እምብርት የሚሠራበትን ቆርቆሮ ተመልከቱ። በብረቱ ላይ 3 በመቶ ገደማ ሲሊከን የሚጨመረው የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን ከፍ አድርጎ፣ ተለዋዋጩ ማግኔታዊ መስክ በውስጡ የሚቀሰቅሰውን አዙሪት የኤሌክትሪክ ጅረትና የኃይል ብክነት ለመቀነስ ነው። ሲሊከኑ 6.5 በመቶ ቢደርስ ማግኔታዊ ባሕርዩ ይበልጥ ይሻሻል ነበር፤ ነገር ግን ብረቱ ተሰባሪ ስለሚሆን በተለመደው መዳመጫ አልፎ ስስ ቆርቆሮ መሆን ያስቸግረዋል።

ስለዚህ ናሙናው እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ምን እንደደረሰበት ጠይቁ። ከመርካቶ የገዛችሁት የመዳብ ሽቦ በጠባብ ቀዳዳ እየተሳበ የቀጠነ ከሆነ ጠንካራ ነው፤ አግላችሁ ስታለሰልሱት ጥንካሬው ይወርዳል፣ ተቃውሞውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ብረትም ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ ያገኘውን ማግኔትነት ለማጥፋትም ይበልጥ ያስቸግራል። «የመዳብ ሽቦ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ የናሙና መግለጫ ለእኔ ባዶ ገጽ ነው።

ወደ ልኬቱ ስትመጡ ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃውሞው 0.021 ኦም ገደማ ሲሆን፣ የተራ መልቲሜትር ገመዶችና የጫፎቻቸው ንክኪ ብቻ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በአራት ገመድ ለኩ፤ ሁለቱ ጅረት ያስገቡ፣ ሁለቱ ከእነሱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ቮልቴጁን ብቻ ያንብቡ። የጅረቱንም አቅጣጫ ገልብጣችሁ ድገሙት፤ በመገናኛዎቹ ላይ ከሙቀት ልዩነት የሚፈጠረው ትንሽ ቮልቴጅ በዚህ ይጣፋል። የክፍሉን ሙቀት መመዝገብም አይርሳችሁ፤ የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ንባብ ቢለያይ ሊደንቃችሁ አይገባም።

ርእስ ለቸገረው ተማሪ የኒኬል ሽቦን እመክራለሁ። ተርሞካፕል (ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ሽቦ የተሠራ ሙቀት መለኪያ) አስራችሁበት በእቶን ውስጥ ቀስ እያላችሁ አሙቁትና ተቃውሞውን መዝግቡ፤ ተቃውሞውን ከሙቀቱ ጋር የሚያሳየው የግራፍ መስመር እየከረረ ይወጣና 358 ዲግሪ ገደማ ላይ አቀበቱ ይለዝባል። ይህ ኒኬል ማግኔታዊ ሥርዓቱን የሚያጣበት የኩሪ ሙቀት ነው፤ ማግኔት ሳትነኩ በኤሌክትሪክ ልኬት ብቻ አገኛችሁት ማለት ነው። ሲቀዘቅዝም መመዝገባችሁን ቀጥሉ፤ መብራት ቢሄድባችሁ እንኳ መሣሪያችሁ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ይህኛው መስመር በነጻ ይገኛል። የማሞቂያውና የማቀዝቀዣው መስመር ካልገጠሙ ግን ስለ ኒኬል አዲስ ነገር ተገኘ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ተርሞካፕሉ ሽቦውን በደንብ መንካቱን አረጋግጡና በዝግታ ደግማችሁ አሙቁት።