ባለቤቴ 75 ኢንች ካልሆነ ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የቤታችን ቴሌቪዥን 32 ኢንች ነው። አርጅቶ ከጎኑ አረንጓዴ መስመር ማውጣት ጀምሯል። በትልቅ ፍላት ስክሪን እንተካው ብለን ተስማማን፤ ስምምነታችን ግን እዚያው ላይ አበቃ። ባለቤቴ 75 ኢንች ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። የ16 ዓመት ልጄ ጌም ስለሚጫወት «ኦሌድ ግዙልኝ» ነው የሚለው። እኔ ሥራዬን የምሠራው ቤት ነው፤ ዜና ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ ይውላል። ትልቁ መስኮታችን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው። ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ተኩል ነው። ቴሌቪዥኑ የሚቆምበት ግድግዳ ከበሩ እስከ ጥጉ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሻጩ «ኤልኢዲ ቀርቷል፣ አሁን ኪውሌድ ነው» አለን። እውነቱን ነው? የትኛውን እንግዛ?

በሁለት ወንዶች መሀል የቀረሁ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ላመስግንዎት። ቴሌቪዥን ስጠግን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። «የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ግድግዳውን ለክቶ የሚጠይቅ ግን እርስዎ የመጀመሪያዋ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እኔ ራሴ ሳልለካ የገዛሁ ሰው ነኝ። 55 ኢንቹን ደስ ብሎኝ ይዤ ገባሁ። ካርቶኑን ስከፍት እግሮቹ መሀል ላይ ሳይሆን በሁለቱ ጫፍ ናቸው። ጠረጴዛዬ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር። አንዱ እግር ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሌላው አየር ላይ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴሌቪዥኑ ሁለት ወንበር ላይ ቆመ፤ እኛ ደግሞ ወንበር አጥተን መሬት ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ ይኸው እስከ ዛሬ «ባለሙያው» እያለች ትጠራኛለች።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ኢንቹ የሚለካው በሰያፍ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ግድግዳዎ የሚጠይቀው ግን የጎኑን ስፋት ነው። 55 ኢንች ወደ 122 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 65ቱ ወደ 144፤ 75ቱ ወደ 166። ግድግዳዎ 160 ነው። እንግዲህ በሩን ካልነቀሉት በቀር የባለቤትዎ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

ለእሳቸው ፍትሕ ለመስጠት ያህል ግን፣ በርቀቱ በኩል አልተሳሳቱም። ለ4ኬ ስክሪን እኔ የምጠቀመው ስሌት ቀላል ነው፦ ከሰያፉ 1.2 እስከ 1.6 እጥፍ ርቀው ይቀመጡ። የ65 ኢንች ሰያፍ 165 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ2 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ64 ድረስ ይመቻል፤ ሶፋዎ ልክ እዚያ ውስጥ ነው። 75ቱም በዚሁ ስሌት ከ2 ሜትር ከ29 ጀምሮ ይሄዳል። «ትልቅ ስክሪን ቅርብ ሆኖ ማየት ዓይን ያጠፋል» የሚባለውን እርሱት። 4ኬ ማለት ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው፤ የቀድሞው ፉል ኤችዲ ከሚይዘው አራት እጥፍ። ቀረብ ቢሉም ነጠብጣቡ አይታይዎትም።

65 አነሰ ካሉ ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ ሲሰላ 65 ኢንች የድሮውን 32 ከአራት እጥፍ በላይ ያህላል። ካላመኑ ካርቶን በ144 በ81 ቆርጠው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሁለት ቀን ይተዉት። እኔ አሁን ለሰው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ሱቅ ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ሁሉም ቴሌቪዥን ያንሳል። ቤት ሲገባ ነው ጉዱ የሚታየው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ኦሌድ በጣም ግሩም ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብችል ለጨለማ ክፍል ሌላ አልገዛም። እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ያበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ጥቁሩ ከልብ ጥቁር ነው። በጎን ቢቀመጡም ቀለሙ አይለወጥም። ችግሩ የእርስዎ ቤት ነው። ፒክስሎቹ በሠሩ ቁጥር ያረጃሉ፤ እኩል ካልሠሩ እኩል አያረጁም። የዜና ጣቢያ ምልክትና ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ በየቀኑ ለሰዓታት አንድ ቦታ ላይ ከዋለ፣ ከጊዜ በኋላ ጥላው ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል። አዳዲሶቹ መከላከያ ተበጅቶላቸዋል፤ ቢሆንም ከጠዋት እስከ ማታ ዜና ለሚከፈትበት ቤት እኔ አልደፍርም። መስኮቱም አለ። ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ኦሌድ ብርሃኑን ይቀንሳል። ፊት ለፊት መስኮት ካለ ደግሞ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ የሚያዩት ራስዎንና መጋረጃዎን ነው።

ስለ ሻጩ አባባል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ኤልኢዲ» እና «ኪውሌድ» የተባሉት ሁለቱም ኤልሲዲ ናቸው፤ እንደ ኦሌድ ፒክስሉ ራሱ አያበራም፣ ከጀርባ መብራት ይፈልጋል። ከጀርባ ያለው መብራት ኤልኢዲ ስለሆነ ነው ስሙ የመጣው። ኪውሌድ የሚባለው እዚያው ላይ ኳንተም ዶት የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሲጨመሩበት ነው፤ ቀለሙን ያደምቁታል። ነገሩ ቀልድ አይደለም፣ የእ.ኤ.አ. 2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለኳንተም ዶት ነው። ግን ቀለም ጨመረ እንጂ ጥቁሩን ጥቁር አላደረገውም። ጥቁሩን የሚያሻሽለው የጀርባው መብራት በክፍል በክፍል መደብዘዝ ሲችል ነው። ስለዚህ ሻጩን «ኪውሌድ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት። «የጀርባ መብራቱ በክፍል ይደበዝዛል? ክፍሎቹ ስንት ናቸው?» ይበሉት። ዓይኑን ካንከራተተ መልሱን አገኙ።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ 65 ኢንች፣ ኳንተም ዶት ያለው፣ ሚኒ ኤልኢዲ የሆነ፣ ማለትም የጀርባ መብራቱ በብዙ ጥቃቅን ኤልኢዲዎች የተሠራና በክፍል የሚደበዝዝ ኤልሲዲ ነው። ብርሃኑ ከመስኮትዎ ጋር ይታገላል፤ ዜናውም ጥላ አይተውበትም። ለልጅዎ 120 ኸርዝ ስክሪን (በሰከንድ 120 ጊዜ ምስል የሚቀይር) እና ኤችዲኤምአይ 2.1 (የጌም ማሽኑ የሚሰካበት መሰኪያ) ያለው ይሁን፤ በዚያ ካሱት ይበቃዋል። ካርቶኑ ላይ «ሞሽን» ከሚል ቃል ጋር 240 ወይም 480 ተጽፎ ቢያዩ ግን አይደንግጡ። ያ የማስታወቂያ ቁጥር ነው፣ የስክሪኑ ትክክለኛ ፍጥነት 60 ወይም 120 ሊሆን ይችላል። 8ኬን፣ ከ4ኬ አራት እጥፍ ፒክስል ያለውን፣ ለጊዜው ይለፉት፤ የሚታይበት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሱቅ ሲሄዱ ከፊት ብቻ አይዩ። ሶፋው ጥግ የሚቀመጠው ሰው በሚያይበት አቅጣጫ ወደ ጎን ይቁሙ። ቀለሙ ነጣ ካለ ያ ሰው ዕድሜ ልኩን ያማርራል። ድምፁንም ያዳምጡ፤ ስክሪን እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ለስፒከር ቦታ ጠፍቷል። ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ትንሽ ብር ማትረፍ አይከፋም።

ሲጭኑት አቁመው እንጂ አስተኝተው አይውሰዱት። የተሰነጠቀ ስክሪን ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙውን ጊዜ መኪና ውስጥ አስተኝቶ ያመጣ ነው። ስክሪን መቀየር ደግሞ አዲስ ከመግዛት ብዙም አይረክስም። ግድግዳ ላይ ከሰቀሉትም እንደ ሠርግ ፎቶ ጣሪያ ሥር አያድርጉት። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን መሀሉ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር ይገጥማል።

ጥያቄ፦ አዲስ ቴሌቪዥን ከገዛሁ ወር ሆነኝ። ፊልም ስከፍት ሁሉም ነገር ቪዲዮ ካሜራ የቀረጸው ይመስላል፤ ፊልምነቱ ጠፋ። የሰዎቹም ፊት ብርቱካን ሆኗል። ተበላሽቶ ይሆን?

ፊልም ወዳጁ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተበላሸም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በመሀል የራሱን ምስል እየፈጠረ ያስገባበታል፤ እንቅስቃሴው የሚልሰለሰው ለዚህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ሞሽን» የሚል ቃል ያለበትን ፈልገው ያጥፉት፤ ስሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የፊቱ ነገር «ቪቪድ» ከሚባለው ሞድ ነው፤ እሱ ለሱቅ መብራት የተሠራ ነው። ወደ «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ይቀይሩት። የመጀመሪያው ምሽት ላይ የደበዘዘና የቢጫ ይመስልዎታል። ሪሞቱን አይንኩ፤ በሦስተኛው ቀን የድሮውን መልሰው ቢያዩት እንዴት እንደቻሉት ይገርምዎታል። ኳስ ሲኖር ከፈለጉ ሞሽኑን መልሰው ያብሩት፤ እኔም አልፎ አልፎ አደርገዋለሁ።