ጓሮሽ ያለውን ክብ የአፈር ካብ እናስደልድለው ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ! እዚህ አየርላንድ ገጠር የገዛችሁት ቤት ጓሮ ያለውን ክብ ካብ በኤክስካቫተር አስደልድለን አትክልት እንትከልበት ወይ፣ ጎረቤታችሁ ሽማግሌ «እንዳትነኩት» ያሉትስ ሰይጣን ስላለበት ነው ወይ ብለሻል። ሰይጣን የለበትም። ግን አትንኩት።

እኔ ክሌር በሚባለው የአየርላንድ አውራጃ አንድ የወተት ላም አርቢ ጋ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ማሳው መሃል የእናንተን የመሰለ፣ ዙሪያውን ሃውቶርን የሚሉት እሾሃማ ዛፍ የበቀለበት ፎርት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ክብ ካብ እዚህ ፎርት ይሉታል። ሣር ሳጭድ ትራክተሩን ራቅ አድርጌ እንድዞር አስጠንቅቆኛል። በብርድ ወራት ነፋስ አንዱን ዛፍ ገንድሶ የማሳውን በር ዘጋብን። ቤቱ የሚሞቀው በእንጨት ምድጃ ነው፤ ሰውዬው ግን ግንዱን በሰንሰለት አስጎትቶ ወደ ክቡ መለሰው እንጂ አንዲት ጭራሮ አላነደደም። ቅዳሴ የማያስታጉል ካቶሊክ ነው እንግዲህ! ታምንበታለህ ወይ ስለው ይስቃል።

ነገሩ የድሮ ገበሬ ግቢ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ)። ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው አፈሩን ወደ ውስጥ ይክቡታል፤ መሃሉ ላይ ቤት ይሠራሉ። የከብት ዘራፊ ዘመን ነበር። አንዳንዱ ከሥሩ በድንጋይ የተሠራ ዋሻ አለው፤ እህል ማኖሪያም፣ በክፉ ቀን መደበቂያም ይሆናል። በመላ ደሴቲቱ ከ40,000 በላይ አሉ።

ባለቤቶቹ ከጠፉ በኋላ ቦታው ፌሪ የሚሏቸው የማይታዩ ፍጡራን ሆነ ተባለ። ሽማግሌዎቹ እንዳይቀየሙባቸው «ጥሩዎቹ ሰዎች» ይሏቸዋል። የኛን አድባር ዛፍ አስቢው፤ ማንም ደፍሮ መጥረቢያ አያነሳበትም። በ1937 እና 38 ተማሪዎች ከአያቶቻቸው እየሰሙ የጻፉት ታሪክ ተጠብቆ ይገኛል፤ ፎርት ያረሰው ሰው ላሞቹ አለቁ፣ ዛፉን የቆረጠው አፉ ተጣመመ የሚል ሞልቶበታል።

ደግሞ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1999 ክሌር ውስጥ ላቱን በሚባል ቦታ ኤዲ ሌኒሃን የተባለው ተረት ነጋሪ «ይህ ሃውቶርን የፌሪዎች ነው፣ ቢቆረጥ መንገዱ ላይ አደጋ ይበዛል» ብሎ ተሟግቶ፣ አውራ ጎዳናው ዛፉን ሳይነካ አለፈ። በ2017 ደግሞ የኬሪ አውራጃው የፓርላማ አባል ዳኒ ሂሊ ሬይ፣ ተጠግኖ መልሶ የጎደጎደውን መንገድ በፎርቶቹ አሳበበ። (እንዲያ ከሆነ የኛ አገር አስፋልት ሁሉ ፎርት ላይ ነው የተሠራው።)

ባለቤትሽ «ተረት ነው» ካለ፣ ሕጉ ተረት አይደለም በይው። ፎርቶች በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው፤ ያፈረሰ ይከሰሳል። የብሔራዊ ቅርሶች አገልግሎት ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፤ ቦታችሁን ፈልጉት፣ ነጥብ ታያላችሁ። ካርታው ላይ ባታገኙትም ሳትጠይቁ አትቆፍሩ።

ሽማግሌውን ስታናግሪ ግን «ምን አለበት?» ብለሽ አታፋጥጫቸው። አንዳንድ ፎርት ውስጥ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ይቀበሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በተባረከ መቃብር አትቀበላቸውም ነበርና። የሳቸው ቤተሰብ ልጅም እዚያ ሊኖር ይችላል። ሻይ ጠጡ፣ ራሳቸው ካነሱት ስሚያቸው።

አትክልቱን ከቦዩ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ጎመን ከሆነ ደግሞ መረብ አልብሱት፤ እዚህ አገር እርግብ አያስቀርም።